ውሃው በ92 ፈላ፣ ደብተሩ 96.5 አለ

አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ድስት ምድጃ ላይ ተጥዷል። ውሃው ይንፈቀፈቃል። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሞ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አይልም። አጠገቡ የተዘረጋው ደብተር ደግሞ በዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ96.5 ዲግሪ ነው ይላል። ስሌቱ የእኔ፣ እጅ ጽሕፈቱ የእኔ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትም መልስ የእኔ ነው።

ከዚህች 4.5 ዲግሪ ጋር ሦስት ቀን ተፋጠጥን። በመጀመሪያው ቀን ቴርሞሜትሩን ጠረጠርኩ። በሁለተኛው መጽሐፉን። በሦስተኛው ማታ ሌላ የሚጠረጠር ሲጠፋ ተራው የእኔ ሆነ፤ «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብዬ ደብተሩን ከደንኩት። ቴርሞዳይናሚክስን ያለ አስተማሪ ለመማር የተነሳ ሰው አንድ ቀን ይህን ሳይል አይቀርም። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ፍርዱ የተሰጠበት ማስረጃ ነው። አንዲት ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አልገጠመችም፤ በዚህች ብቻ የአንድ ሰው ጭንቅላት ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ መዝገቡ ተዘጋ።

ንዴት አድራሻ አለው። ጢስ ቤቱን ሁሉ ይሞላል እንጂ የሚጤሰው አንድ እንጨት ነው፤ «ሳይንስ አይገባኝም» የሚለው ጢሱ ነው። እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር፣ አንድ ቃል፣ አንዳንዴም አንድ የካልኩሌተር ቁልፍ ሆኖ ይገኛል። እኔ ዘንድ ቁልፍ ነበር።

## 96.5 ከየት መጣ?

በአራተኛው ቀን ጠዋት የለወጥኩት ጥያቄዬን ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ስጠይቅ የነበረው «ትክክለኛው መልስ እንዴት ይመጣል?» ብዬ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ስሌት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ስህተት፣ አምስት ጊዜ ደገምኩት። ያን ጠዋት ግን «ምን ብሳሳት ነው ልክ 96.5 የሚመጣው?» አልኩ። ለምን 97 አልሆነም? ለምን 60 አልሆነም? ስህተት ሁሉ የራሱ ማኅተም አለው።

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ከተጠርጣሪነት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በረዶ ሰባብሮ ብርጭቆ መሙላት፣ በረዶውን ለመሸፈን ብቻ የሚበቃ ውሃ መጨመር፣ ማማሰል፣ ቴርሞሜትሩን ግድግዳና ታች ሳይነካ መሀል ላይ መያዝ። 0 ካነበበ ወይም ከ0 በግማሽ ዲግሪ ካልበለጠ ይታመናል። ሰው የሚሳሳተው ውሃውን አብዝቶ በረዶውን ሲያሳንስ ነው፤ ያኔ 2 ወይም 3 ያነብና ዕቃው ተበላሽቷል ይላል። ድስቱ ላይም ጫፉ የድስቱን ታች ከነካ የሚለካው ብረቱን ነው።

ከዚያ ስሌቱ። ግፊት ሲለወጥ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚናገር፣ ክላፔይሮን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1834 ጀምሮት ክላውዚየስ በ1850 ያቃናው ቀመር ነው። በቃል ሲነገር እንዲህ ይሄዳል፦ የሁለቱን ግፊቶች (የአካባቢውን ለባሕር ወለሉ) ውድር ወስዶ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ማግኘት፤ ያንን በጋዝ ቋሚው በ8.314 ማባዛት፤ አንድ ሞል ውሃ ለማትነን በሚፈጀው 40,660 ጁል ማካፈል፤ የመጣውን 1 ለ373.15 (100 ዲግሪ ሴልሺየስ በኬልቪን ሲነገር) ተካፍሎ ከሚገኘው ላይ መቀነስ፤ ውጤቱን መገልበጥ፤ በመጨረሻ 273.15 ቀንሶ ወደ ሴልሺየስ መመለስ።

መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል 101.3። ውድሩ 0.75 ነው። ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙ ኔጌቲቭ 0.287። ተባዝቶና ተካፍሎ ኔጌቲቭ 0.0000588 ይሆናል። ኔጌቲቭ ሲቀነስ መደመር ስለሆነ 0.0026799 ላይ ተደምሮ 0.0027387። ሲገለበጥ 365.1 ኬልቪን። 92 ዲግሪ። ድስቱ ያለው ነው።

አሁን እያንዳንዱን ስህተት ሆን ብዬ ሠራሁት። በኬልቪን ፈንታ 100 ብዬ በሴልሺየስ ባስገባ 99.4 ይመጣል። ይህ ክፉ ስህተት ነው፤ ልክ ይመስላል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ምልክቱን ባዛባ 108.4፤ ማለትም ተራራ ላይ ውሃ ዘግይቶ ይፈላል። በጁል ፈንታ 40.66 ኪሎ ጁል ብዬ ባካፍል ኔጌቲቭ 257 ዲግሪ፤ እንዲህ ያለውን ስህተት እወደዋለሁ፣ በር ላይ ሆኖ ይጮሃል። 0.0026799ን ቁጥሩ በዛ ብዬ ወደ 0.0027 ባጠጋጋ 89.3። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ትልቁ ቁጥር ላይ የተጣለችው ኩርማን የምንፈልገውን ትንሹን ቁጥር ሲሶውን ያህል ታክላለችና። እዚህ ስሌት ውስጥ መሀል ላይ ማጠጋጋት አይሆንም፤ ቢያንስ አምስት ዋጋ ያላቸውን አሃዞች እስከ መጨረሻው መያዝ ነው።

በመጨረሻ የተፈጥሯዊውን ሎጋሪዝም ቁልፍ፣ ኤልኤን የሚለውን፣ ትቼ ሎግ የሚለውን ተጫንኩ። 96.5።

ሁለቱ ቁልፎች ካልኩሌተሩ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የሎግ መሠረቱ 10 ነው፣ የኤልኤን 2.718። ልዩነታቸው ሁልጊዜ 2.303 እጥፍ ነው። ይህን ሳውቅ 96.5 ራሱ ትርጉም አገኘ፤ የሎጋሪዝሙ ዋጋ በ2.3 ሲያንስ ከፍታው በ2.3 እንደ መካፈል ነው፣ 2,400 ሜትሩ 1,000 ሜትር ገደማ ሆነ። ውሃዬ የፈላው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነበር ማለት ነው። ስሌቱ ልክ፣ ከተማው ሌላ።

ይህ ስህተት የጀማሪ ብቻ አይደለም፤ አጻጻፉ ራሱ የተዘበራረቀ ነው። ቪየና በሚገኘው የፊዚክስ ሊቁ የቦልትዝማን መቃብር ላይ የተቀረጸው ዝነኛ የኢንትሮፒ ቀመር «ሎግ» ነው የሚለው፤ የሚያመለክተው ግን ተፈጥሯዊውን ሎጋሪዝም ነው። በፓይተን ኮድ ሎግ ብሎ የጻፈም የሚያገኘው ተፈጥሯዊውን ነው። ካልኩሌተር ላይ ሎግ 10 ነው። መጽሐፉ ሎግ ሲል የትኛውን እንደሆነ የሚናገረው አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም መቅድሙ ውስጥ። መቅድም ማን ያነባል?

## ቀድሞ መገመት

ያ ሁሉ ንዴት በአንዲት መስመር ግምት ይቀር ነበር። በዚህ ከፍታ አካባቢ ውሃ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። 2,400 ለ300 ሲካፈል 8 ነው፤ ከ100 ላይ 8 ሲነሳ 92። እንጦጦ 3,000 ሜትር ከፍታው ላይ ወደ 90። ይህን ቀድሞ ከደብተሩ ጥግ የጻፈ ሰው 96.5ን ሲያይ አይናደድም፤ ወዲያው «ይሄማ ልክ አይደለም» ብሎ ወደ ሁለተኛው መስመር ይመለሳል።

«ምናልባት የዛሬ አየር ይሆናል» የሚል ማምለጫም ነበረኝ። እሱም ይለካል። 92 ዲግሪ አካባቢ ግፊቱ በ1 ኪሎ ፓስካል ሲለወጥ የመፍያው ነጥብ የሚለወጠው በ0.36 ዲግሪ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የአዲስ አበባ ግፊት በጥቂት አሥረኛ ኪሎ ፓስካሎች ቢዋዥቅ ውሃውን በ0.1 ዲግሪ ነው የሚነካው። 4.5 ዲግሪ ለመለወጥ 12.5 ኪሎ ፓስካል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ አየር ከመጣ ስለ ደብተር የሚያስብ ሰው አይኖርም።

ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይኼ ነው፦ ካልኩሌተር ከመነካቱ በፊት ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛ መልሱ ወደየት እንደሚሄድ (ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል)፣ ሁለተኛ ከምን እስከ ምን ሊሆን እንደሚችል። ግምቱ ቢስት ግድ የለም። የሳተ ግምት ራሱ የት ላይ እንደማይገባኝ ይናገራል፤ ባዶ ጥግ ግን ምንም አይናገርም።

## ሙቀት ገባ፣ ሙቀት ግን አልጨመረም

በአማርኛ እያሰቡ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ መማር የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ስለዚህ ጉድጓድ የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው። «ሙቀት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ዛሬ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ነው እንላለን፤ ምድጃው ለድስቱ ሙቀት ሰጠ እንላለን። የመጀመሪያው በዲግሪ ይለካል፣ ሁለተኛው በጁል። የትምህርት መጻሕፍት የመጀመሪያውን «መጠነ ሙቀት» ይሉታል፤ ግን ጭንቅላታችን ውስጥ የሚያወራው የትምህርት መጽሐፉ አይደለም፣ የቤት አማርኛችን ነው።

የፈላውን ድስት ተመልከቱ። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ያህል ይፈጃል። 1,500 ዋት ያለው ምድጃ ምንም ሳያባክን ቢሰጥ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በታች ነው። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ማለትም በዚያው ምድጃ 25 ደቂቃ። በእነዚህ 25 ደቂቃዎች ውስጥ ቴርሞሜትሩ ከ92 ፈቀቅ አይልም። «ሙቀት እየገባ ሙቀት አይጨምርም» ብሎ የሚያስብ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ስለሚጋጭበት ፊዚክሱ የተጋጨ ይመስለዋል። «ጁል እየገባ ዲግሪው አልጨመረም፤ ጁሉ ውሃውን ከውሃ ለማላቀቅ ዋለ» ሲባል ግን የሚጋጭ ነገር የለም።

«ኃይል» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በኃይል ገፋው፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ፣ ኃይል ቆጣቢ አምፖል፤ በፊዚክስ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ቃሉን ማስተካከል የእኔ ሥራ አይደለም፣ ቋንቋው ደህና ነው። ያዋጣኝ ዘዴ በስም ሳይሆን በመለኪያ ማሰብ ነው። ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር መለኪያውን እጽፋለሁ፦ ኒውተን የሆነው፣ ጁል የሆነው፣ ዋት የሆነው። ዋት በሴኮንድ አንድ ጁል ነው፤ ኒውተን በሜትር ሲባዛ ጁል ነው። አንድ መስመር የማይገባኝ ሲሆን መጀመሪያ የማየው በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ያለው መለኪያ አንድ መሆኑን ነው። ቀመሩን ስገለብጥ የምሠራውን ስህተት ከግማሽ በላይ የሚይዘው ይህ ነው፤ ሎግና ኤልኤንን ግን አይዝም፣ ሁለቱም መለኪያ የላቸውምና። እነሱን የሚይዘው ግምቱ ነው።

## ላም አለኝ በሰማይ

ከመጽሐፍ አዟሪ የተገዛ አሮጌ የፊዚክስ መጽሐፍ ካላችሁ ዘግታችሁ ጠርዙን እዩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ምዕራፎች ጠርዝ በጣት አድፎ ጠቁሯል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ነው፣ አንዳንዴ ገጾቹ እንኳ አልተላቀቁም። የቀደመው ባለቤት እያንዳንዱ ጊዜ ሲጠጥርበት ከገጽ አንድ ጀምሯል። እኔም ይህን አድርጌያለሁ። ከመጀመሪያ መጀመር ትጋት ይመስላል እንጂ ከሚያስቸግረው ገጽ መሸሻ ነው። ምዕራፍ አንድ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም ያውቁታል።

የሚያውቁትን ማንበብ ደግሞ የሚያደርሰው «ገብቶኛል» ወደሚል ስሜት ነው። የተሠራ ምሳሌ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ እያንዳንዱ መስመር ይገባል። መጽሐፉ ሲዘጋ ግን እጅ የመጀመሪያውን መስመር አይጽፍም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ወተቷ የሚታየው በነጭ ወረቀት ነው። ምሳሌውን አንዴ ማንበብ፣ መዝጋት፣ ቁጥሮቹን ለውጦ (ለአዲስ አበባ የተሠራውን ለድሬዳዋ) ከባዶ መጻፍ። የተቆረጠበት ቦታ ላይ መጽሐፉን መክፈት፣ ግን የተቆረጠውን አንድ መስመር ብቻ ማየት፣ መልሶ መዝጋት። ምሳሌውን በነገታው፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ መድገም። በሦስተኛው ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በታች ካልተሠራ አልገባም ማለት ነው፤ ደግሞ ይጻፋል።

መልመጃውንም በተርታው መሥራት አይበቃም። የምዕራፍ አምስት መልመጃ በምዕራፍ አምስት ቀመር እንደሚሠራ ገና ሳይነበብ ይታወቃል። ይህን የድሮ የኔታዎች ያውቁታል፤ ልጁ ሀ ሁን እንደ ዘፈን ሸምድዶ ሲወርደው ፊደሉን አዘበራርቀው በአቡጊዳ ያስቆጥሩታል። ዜማውን ይዞ የመጣው እዚያ ላይ ይቆማል፣ ፊደሉን የለየው ያልፋል። እኔም ከአምስት ምዕራፍ ሁለት ሁለት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ አጣጥፌ፣ ጣሳ ውስጥ ከትቼ አወጣለሁ። ቁራጩ ላይ የገጽ ቁጥር እንጂ የምዕራፍ ስም አይጻፍም። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ በጣም ያሳፍራል፤ በተርታ አሥር ከአሥር የሠራ ሰው ከጣሳው አራት ይሠራል። እውነተኛው ቁጥር አራቱ ነው።

## ወደ ታች ስንት ፎቅ?

ንዴቱ አድራሻው እዚያው ገጽ ላይ ያልሆነ ጊዜም አለ። ቴርሞዳይናሚክስ ውስጥ ሰው በብዛት የሚወድቀው ሙቀት የመያዝ አቅም ሁለት ዓይነት ነው ሲባል ነው፤ አንዱ ይዘት ሳይለወጥ፣ ሌላው ግፊት ሳይለወጥ። ለአየር የመጀመሪያው በሞል 20.8 ጁል ለአንድ ኬልቪን፣ ሁለተኛው 29.1። ለምን ይለያያሉ? ገጹ ላይ ያለው መልስ የከፊል ልይይት (ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ ሌላው ሳይነካ አንዱ ብቻ ሲለወጥ የሚመጣውን ለውጥ የሚለካ ሒሳብ) ምልክት ነው፤ ከምልክቱ ጎን ታች በትንሹ የተጻፈች አንዲት ፊደል አለች፣ «ይህን ሳትነኩ» የምትል። አብዛኛው ሰው ጌጥ ትመስለውና ይዘላታል። ጉዳዩ ሁሉ ግን እሷ ላይ ነው።

ፊደሏን በነገር ማየት ይቻላል። ክዳኑ የታሰረ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ የገባው ጁል በሙሉ አየሩ ውስጥ ይቀራል። ክዳኑ እንደ ሐኪም መርፌ መግፊያ የሚንሸራተት ከሆነ ግን አየሩ እየሞቀ ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋል፤ ለመግፋቱም ይከፍላል። ክፍያው በሞል ለአንድ ኬልቪን ልክ 8.314 ጁል ነው፣ ያው የጋዝ ቋሚው። 20.8 ሲደመር 8.3፣ 29.1። ያን ጊዜ ያቺ ትንሽ ፊደል ክዳኑ መታሰሩን ወይም መለቀቁን የምትነግር ሆና ትነበባለች።

ይህ ካልገባ ጉድለቱ ከታች ፎቅ ነው፤ ከፊል ልይይት። እሱም ካልገባ ሌላ አንድ ፎቅ ወርዶ፣ ተራው ልይይት። ከዚያ በታች መውረድን አልመክርም። ሁለት ፎቅ፣ ለእያንዳንዱ ቢበዛ ሁለት ቀን፣ አምስት መልመጃ ሠርቶ መመለስ። ሒሳቡን ሁሉ አጥርቼ ልመለስ ያለ አይመለስም፤ ሒሳብ ታች የለውም። ተቃራኒውም አለ፤ ፎቁ ሳይኖር ጣሪያው ላይ መንጠልጠል። ኢንትሮፒን «ዝብርቅርቅነት» ብሎ ተርጉሞ፣ ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚያወራ፣ ግን 2,260 ኪሎ ጁልን ለ373 ኬልቪን አካፍሎ አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን ኢንትሮፒው በ6 ኪሎ ጁል በኬልቪን መጨመሩን አስልቶ የማያውቅ ሞልቷል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

## ከወንበር መነሳት

ስንት ሰዓት መታገል? እኔ 25 ደቂቃ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚያ በኋላ እጅ ያንኑ መስመር መልሶ ይጽፋል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። ግን ባዶ እጅ አይነሱም። ሦስት መስመር ይጻፋል፦ የቆምኩት የትኛው መስመር ላይ ነው፣ ምን ሞከርኩ፣ ምን ቁጥር መጣ። ይህን ሳይጽፍ የተነሳ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ንዴቱን ብቻ ነው። መብራት ሲሄድም ያው ነው፤ በስልክ ባትሪ ሦስቱን መስመር ጽፎ መተኛት ይቻላል።

ከዚያ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ዳገቱን በእግር። ችግሩን ጮክ ብሎ እያወሩ መሄድ ጥሩ ነው፣ ሰው ስልክ የምታወሩ ይመስለዋል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጸጥታው ለማንበብ ይመቻል፤ ጥያቄ ላይ ለተጣበቁበት ሰዓት ግን እንደ እኔ ላለው አይሆንም፣ መናገር አይቻልምና።

ከሁለት ቀን በላይ የቆየውን ሰው መጠየቅ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። ቴሌግራም ላይ «ቴርሞዳይናሚክስ አልገባኝም፣ እርዱኝ» የሚል ሰው የሚያገኘው አምስት የመጽሐፍ ፋይልና አንድ «አይዞህ» ነው። «ለ76 ኪሎ ፓስካል 96.5 ዲግሪ መጣልኝ፣ ድስቱ ግን 92 ይላል፣ ስሌቱ ይኸው» ብሎ ፎቶ የላከ ሰው ግን፣ መልስ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ መስመር ይመለስለታል። እነዚያ ሦስት መስመሮች እኮ ጥያቄው ራሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን አየዋለሁ፤ ያኔ መልእክቱ ሳይላክ ይጠፋል።

ሰሞኑን የያዝኩት ፕሬዠር ኩከሩን ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጠው ብረት ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን 72 ግራም ከመዘነ፣ ብረቱ የሚይዘው ግፊት ወደ 100 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በአዲስ አበባው 76 ላይ ሲደመር 176። ከስሌቱ በፊት ጥግ ላይ «ከ112 እስከ 120» ብዬ ጻፍኩ። ኤልኤን ተጫንኩ። 116.4 መጣ። በባሕር ወለል ያው ዕቃ 120.6 ይሰጣል።

ክዳን በሌለው ድስት ከባሕር ወለል የምናንሰው 8 ዲግሪ ነው፤ በዚህኛው 4 ብቻ። ባቄላው በክፍት ድስት የሚያስመሸን በፕሬዠር ኩከር ግን ከሌላው አገር ብዙም የማንዘገየው ለዚህ ይሆን? ብረቱ የሚጨምረው ግፊት የትም ቦታ እኩል ነው፣ የተጨመረበት መሠረት ግን እኩል አይደለም፤ 76 ለ101 ሲካፈል 0.75፣ 176 ለ201 ሲካፈል 0.88። ቴርሞሜትሩን ክዳኑ ስር አስገብቼ ማየት አልችልም። ስለዚህ ሁለቱንም በሰዓት እየለካሁ ነው፤ አንድ ኩባያ የተነከረ ሽምብራ በክፍቱ፣ አንድ ኩባያ በዝጉ፣ ደቂቃው ደብተሩ ጥግ ላይ ከግምቱ ጎን ይጻፋል። የክፍቱ ግምት 95 ደቂቃ ይላል። አሁን 70 ላይ ነው፣ ሽምብራው ገና ጥርስ ይይዛል።